ከአንድ ጉሮሮ የወጣ ጉባኤ

በቦረና ምድር ውሃ የሚወጣው በዜማ ነው። በዱብሉቅና በአካባቢው ካሉት ጥንታውያን የቱላ ኤላዎች (የውሃ ጉድጓዶች) መካከል እስከ 30 ሜትር የሚጠልቁ አሉ። የከብቱ ተራ ሲደርስ ወጣቶች ከኤላው ወለል ጀምሮ እስከ አፉ ድረስ በየእርከኑ ይቆማሉ። ከሥር ያለው ይቀዳል፤ ከእርሱ በላይ ያለው ተቀብሎ ለቀጣዩ ያቀብላል፤ ባዶው ባልዲ በዚያው መስመር ይወርዳል። ዱሮ መቅጃው ከቀጭኔ ቆዳ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ ከጄሪካን ተቆርጦ የወጣ ፕላስቲክ ነው። ዘፈኑ ግን እንዳለ አለ። እጅ ከእጅ የሚገናኝበትን ቅጽበት የሚወስነው እርሱ ነውና ዘፈኑ ከተዛነፈ ውሃው ይደፋል፤ ላይ ገንዳው ዙሪያ የቆመው ከብትም ይጠብቃል።

ከኤላው አፍ ላይ ሆኖ ለሚያዳምጥ ሰው ድምፁ አንድም ነው፤ ብዙም ነው። ምክንያቱ አያስቸግርም። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በ10 ሜትር ጥልቀት የቆመው ሰው ድምፅ ላይ ካለው ጆሮ የሚደርሰው 29 ሺሕኛ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው፤ ከ30 ሜትር የሚነሳው ደግሞ ወደ 90 ሺሕኛ ሰከንድ ይወስድበታል። በዚህ ላይ የአንዱ ጉሮሮ ከሌላው በጥቂቱ ይቀጥናል፤ አንዱ ቀድሞ ይተነፍሳል፤ ሌላው ቃሉን ሳብ ያደርጋል። እነዚህ ጥቃቅን ልዩነቶች ሲደራረቡ ነው ጆሮ «እዚህ ብዙ ሰው አለ» ብሎ የሚፈርደው።

ይህንኑ ፍርድ ከአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ማግኘት ከተቻለ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1969 በኔዘርላንድስ፣ በፊሊፕስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ሳንግስተር እና ቴር አንድ አዲስ የኤሌክትሮኒክስ ዑደት ፈለሰፉ። በውስጡ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎች በተርታ ተደርድረዋል። የመጀመሪያው የድምፁን ናሙና ይይዛል፤ የሰዓቱ ምት ሲመታ ለሁለተኛው ያቀብላል፤ ሁለተኛው ለሦስተኛው። ድምፁ እንደ ቺፑ ዓይነት በ256፣ በ512 ወይም በ1,024 እርከኖች እጅ በእጅ አልፎ በሌላው ጫፍ ሲወጣ ጥቂት ዘግይቷል። መሐንዲሶቹ ለዑደቱ ስም ያወጡለት ቃጠሎ ለማጥፋት ተሰልፈው ባልዲ በሚቀባበሉ ሰዎች ነው። ቦረና ውስጥ ያደገ ሰው ንድፉን ቢያሳዩት ረጅም ማብራሪያ አይሻም፤ የሚያየው ኤላውን ነው።

የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ በዚህ ዓይነት ቺፕ ተጠቅሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ጄሲ 120 የተባለውን የጊታር ማጉያ አወጣ። በሣጥኑ ውስጥ ሁለት ስፒከሮች ነበሩ፤ አንዱ ድምፁን እንዳለ ያወጣል፣ ሌላው መዘግየቱ ከፍ ዝቅ የሚለውን ቅጂ ያወጣል፤ ሁለቱ የሚቀላቀሉት በክፍሉ አየር ውስጥ ነው። በዓመቱ ያው ሥራ በእግር ወደሚረገጥ ሣጥን ገባና ቦስ ሲኢ 1 ተባለ፤ አንድን ድምፅ እንደ ብዙ የሚያሰማው ይህ ኢፌክት ኮረስ ይባላል፤ የመጀመሪያው የኮረስ ፔዳል እርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ፔዳሉ ከወለል ተነስቶ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። እንደ ኪዩቤዝ፣ ሎጂክ ወይም ኤፍኤል ስቱዲዮ ያለ የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም የጫነ ሰው ኮረሱን፣ ፍላንጀሩን፣ ፌዘሩን፣ ትሬሞሎውን በአንድ ዝርዝር ውስጥ ያገኛቸዋል። አሠራራቸው የቤተ ዘመድ ነው። በሁሉም ውስጥ ለጆሮ የማይሰማ፣ በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚወዛወዝ አዝጋሚ ሞገድ አለ፤ ይህ ሞገድ በትሬሞሎ የድምፁን ጉልበት፣ በቪብራቶ ቅጥነቱን፣ በኮረስና በፍላንጀር የቅጂውን መዘግየት ያንቀሳቅሳል። በኮረስ መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 30 ሺሕኛ ሰከንድ ነው። በቱላ ኤላ ከሦስት ተኩል እስከ አሥር ሜትር ጥልቀት ላይ የቆሙት ሰዎች ድምፅ የሚዘገይበት ልክ ማለት ነው።

እንግዲህ ዛሬ ነገሌ፣ ያቤሎ ወይም አሬሮ ላይ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክና አንድ ኪቦርድ ያለው ሰው መዝሙር መቅዳት ይችላል። ዘማሪው አዝማቹን ብቻውን ይለዋል። አቀናባሪው ትራኩን ያባዛል፣ ኮረሱን ይጭናል፣ ግራና ቀኝ ይዘረጋዋል፣ ሪቨርብ ይጨምርበታል። ተቀባዮች ተወለዱ። አድማጩ በመኪና ውስጥ ወይም በስልኩ ሲሰማው አንድ ማኅበር በአንድ ልብ ሲያመሰግን ይታየዋል። በዚያ ክፍል ግን የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የዘመረውም አንዱ ብቻ ነው።

ጥያቄው የቴክኒክ አይደለም። ምስጋና ለፈጣሪ የሚቀርብ ነገር ከሆነ፣ ያልነበሩ ሰዎችን ድምፅ ጨምሮ ማቅረብ ምን ማለት ነው? ጌጥ ነው ወይስ ሐሰት?

አንዳንድ ሰዎች ለዚህ ፈጣን መልስ አላቸው፤ የኤሌክትሪክ ጌጥ ሁሉ ከዓለም የመጣ ነው፣ ንጹሕ ድምፅ ይበቃል ይላሉ። ቅንነታቸው ይከበራል፤ መልሱ ግን አይጸናም። ድምፅን ማንቀጥቀጥ፣ ማጉረምረምና መደራረብ ከጸሎት ቤት ውጭ የተገኘ ልማድ አይደለም። በገናን እንመልከት። አሥሩ የጅማት ክሮች ብርኩማው ላይ ሲያርፉ በእያንዳንዱ ክር ሥር ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ እንዝራ ይሏታል። ክሩ ሲመታ እንዝራውን እየነካ ይነዝራል፤ በዐቢይ ጾም ወራት አድማጭን ጸጥ የሚያሰኘው ያ ከሆድ የሚወጣ የሚመስል ጉርምርምታ የእርሷ ሥራ ነው። እንዝራው ቦታውን ከሳተ በገናው ትልቅ ክራር ሆኖ ይቀራል። በገና ደርዳሪዎች እንዝራን ወደፊት ወደኋላ እያሉ ለማስተካከል የሚያጠፉት ጊዜ አንድ የስቱዲዮ ባለሙያ የኢፌክት ቁልፍ በማዞር ከሚያጠፋው አያንስም።

ዜማውም እንዲሁ ነው። በያሬዳዊ ዜማ ምልክቶች ውስጥ ርክርክ አለ፤ ዜመኛው ድምፁን በጉሮሮው እያርገበገበ የሚያወርድበት ነው። ሊቃውንቱ ምልክቶቹን ከክርስቶስ ሕማም ጋር ሲያዛምዱ ርክርክን ከደሙ መንጠብጠብ ጋር ያገናኙታል። የድምፁ መርገብገብ የሥጋ ደስታ ሳይሆን የሥቃይ መታሰቢያ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። በዘመናዊው ሙዚቃም የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ያለ ኢፌክት ፔዳል ይንቀጠቀጣል፤ ከብረት ዘንጎቹ ሥር ባሉት ቱቦዎች አፍ ላይ በሞተር የሚዞሩ ክብ ሳህኖች ቱቦውን እየከፈቱ እየዘጉ ድምፁን ያወዛውዙታል። ስለዚህ «ድምፅን መለወጥ ኃጢአት ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር ከብዙ ዘመን በፊት መልስ አግኝቷል። አይደለም።

የከበደው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ድምፁ ስለ ራሱ ምን ይላል?

ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ፊት ቀርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካዊው ሎረንስ ሃሞንድ የኤሌክትሪክ ኦርጋኑን ለገበያ አወጣ። ከዋና ገዢዎቹ መካከል አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ፤ ባለ ቧንቧ ኦርጋን ማሠራት እጅግ ውድ ስለነበር የሃሞንድ ዕቃ ለድሃ አጥቢያዎች የምሥራች ነበር። ኩባንያው ግን በማስታወቂያው የእኛ ድምፅ ከቧንቧው ኦርጋን እኩል ነው ማለቱን ገፋበት። የቧንቧ ኦርጋን ሠሪዎች አቤት አሉ፤ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1937 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የጸሎት ቤት ውስጥ አድማጮች የሚጫወተው የትኛው እንደሆነ ሳያዩ ሁለቱን ኦርጋኖች እየሰሙ እንዲለዩ ተደረገ። ሙዚቀኞች ሳይቀሩ ብዙ ጊዜ ተሳሳቱ። እንዲያም ሆኖ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1938 ሃሞንድ ዕቃው ከቧንቧ ኦርጋን ጋር እኩል ነው ማለቱን እንዲያቆም አዘዘ።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ ትልቅ ማስተዋል አለ። ኮሚሽኑ ኦርጋኑ እንዳይሸጥ አልከለከለም፤ በጸሎት ቤት አይደመጥም አላለም። ድምፁ ያምራል፤ ሰውንም ለጸሎት ያነሳሳል። የታገደው አነጋገሩ ነው፤ ያልሆነውን ነኝ ማለቱ። ጆሮ መታለሉ ብቻውን እኩልነትን አላረጋገጠም። ብዙ ሰው «ልዩነቱን መለየት ካልቻልኩ ልዩነት የለም» ብሎ ያስባል፤ ያ ኮሚሽን ግን ልዩነቱ በአድማጩ ጆሮ ላይ ብቻ እንደማይመዘን ተረድቶ ነበር።

የዚያው ኦርጋን ታሪክ ሌላም ቁም ነገር ያስከትላል። ዶን ሌስሊ የተባለ ካሊፎርኒያዊ ሱቅ ውስጥ ሰምቶ የወደደውን ሃሞንድ ገዝቶ ቤቱ ሲያስገባው ድምፁ ደረቀበት። ሰፊው አዳራሽ የሚሰጠው ግርማ በትንሽ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ የስፒከሩን ድምፅ የሚያዞር ሣጥን ሠራ፤ ድምፁ ወደ አድማጩ ሲጠጋ እየቀጠነ፣ ሲርቅ እየወፈረ፣ ከየግድግዳው እየተመለሰ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ የወጣው ይህ ሣጥን ኋላ በጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት የወንጌል መዝሙር ድምፅ ሆነ። ዛሬ በኮምፒውተር ውስጥ ሮተሪ የሚባለው ፕላጊን የእርሱ ቅጂ ነው። ከኢፌክቶቹ ጥንስስ አንዱ እንግዲህ የጸሎት ቤት ግርማ ናፍቆት ነበር። የሌስሊ ድምፅ የሌስሊ ድምፅ ነው፤ ማንም ሰምቶ መዘምራን ናቸው አይልም።

ኮረስ በሰው ድምፅ ላይ ሲጫን ነው ነገሩ የሚለየው፤ ያን ጊዜ የሚናገረው ስለ ሰዎች ነውና። የዚህን መነሻ ለማወቅ ወደ ለንደን መሄድ ያስፈልጋል። የቢትልሱ ጆን ሌነን ድምፁ እንዲወፍር አንድን ዜማ ሁለት ጊዜ ደግሞ መዝፈን ይሰለቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የአቢ ሮድ ስቱዲዮ መሐንዲስ ኬን ታውንሴንድ ሁለት የቴፕ መቅረጫዎችን አገናኝቶ አንዱን በጥቂቱ እያፋጠነና እያዘገየ ያንኑ አንድ ድምፅ ሁለት አደረገለት። ለዘፈን ይህ ድንቅ መላ ነው፤ ማንንም አልበደለም። የቀረውን ነገር ግን ልብ እንበል። የቀረው ሁለተኛው መዝፈን ነው። ድካሙ ቀረ፤ ከድካሙም ጋር ሁለተኛው ትኩረት፣ ሁለተኛው ትንፋሽ ቀረ። ዘፈን የሚፈልገው ውጤቱን ስለሆነ ምንም አልጎደለበትም። አምልኮ ግን ውጤቱን ብቻ ነው ወይ የሚፈልገው?

በደቡብ ቆላ ከተሞች ጎን ለጎን የሚኖሩት ሃይማኖቶች ለዚህ የሚሰጡት መልስ በሚያስገርም መንገድ ይቀራረባል፤ የሚሰጡትም በቁጥር ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት አገልጋዮች ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። ካህኑ የቱንም ያህል ድምፀ መልካም ቢሆን፣ የቱንም ያህል ሁሉንም ክፍል በቃሉ ቢያውቅ፣ ብቻውን ሆኖ የአምስቱን አይሸፍንም። በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ በሰፊው በሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ የጁምዓ ሰላት እንዲቆም 40 ሰው ይፈለጋል፤ ሌሎቹ መዝሀቦች ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉታል፣ አንዳቸውም ግን አንድ ሰው ብቻውን ጁምዓ ይሰግዳል አይሉም። ጴንጤቆስጤዎቹና ሌሎቹ ወንጌላውያን የክርስቶስን ተስፋ ሲጠቅሱ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ይላሉ። ከእነዚህ ከተሞች ውጭም አይሁድ ለማኅበር ጸሎት አሥር ይጠይቃሉ።

አምስት፣ 40፣ ሁለት ወይም ሦስት፣ አሥር። ቁጥሮቹ ይለያያሉ። አንድ የሚል ግን የለም።

ለምን? ድምፁ ከፍ እንዲል ቢሆን ኖሮ የድምፅ ማጉያ የገባ ዕለት ደንቡ ይሻር ነበር። አልተሻረም። የአምስት ሰው ድምፅ ማውጣት የሚችል አንድ ሰው ቢገኝ አሁንም አራት ሰው ይጎድላል። ቁጥሩ የሚጠብቀው የሰዎቹን መገኘት ነው፤ እያንዳንዱ እንቅልፉን ትቶ፣ መንገዱን ሄዶ፣ ቂሙን በር ላይ አራግፎ መቆሙን ነው። የስቱዲዮ ኮረስ የ40 ሰው ድምፅ መስጠት ይችላል፤ 40 ሰው መስጠት አይችልም። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ የአንድ ወር ብሔራዊ ጸሎት በቴሌቪዥን ሲያስተላልፍ ምእመናን በየቤታቸው ቀርተው ነበር፤ በካሜራው ፊት የቆሙት አባቶችና ሼኾች ግን በአካል መጥተው በየሃይማኖታቸው ጸለዩ። ያን ያህል ሕዝብ ሲጎድል እንኳ የሰውን መቆም በተቀረጸ ድምፅ እንተካው ያለ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል። ካሴትም ሆነ ዩቲዩብ ራሱ ጉባኤ አይደለም፤ 40 መዘምራን በእውነት ተሰብስበው የተቀዳ መዝሙርም ሲደመጥ ከስልክ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ ታዲያ ሁለቱ በምን ይለያሉ? መልሱ ቅጂ ምስክር ነው የሚል ነው። ያልነበረው ሰው የነበሩትን የሚሰማበት ነው። ምስክር ራሱ ድርጊቱ አይደለም፤ እውነተኛ ወይም ሐሰተኛ መሆን ግን ይችላል። 40 ሰው ዘምሮ የተቀዳው፣ 40 ሰው በአንድ ቀን ለአንድ ጉዳይ ተስማምቶ ነበር ብሎ ይመሰክራል። በኮረስ የተባዛው ያንኑ ቃል ይናገራል፤ ግን እንዲህ ያለ ቀን አልነበረም። ስለ ፍቅር የተዘፈነ ዘፈን እንዲህ ቢያደርግ ማንም ምስክርነት አይፈልግበትም። መዝሙር ግን ስለ ምስክርነት ሲል የተዘመረ ነው።

ጆሮ ሊታለል ቢችልም በሁለቱ መካከል የሚዳሰስ ልዩነትም አለ። የስቱዲዮ ባለሙያ ትራኩን ብቻውን አውጥቶ ቢሰማው ያገኘዋል። ኮረስ ውስጥ የገባው ዘማሪ ሲተነፍስ ሁሉም ይተነፍሳሉ። በሰው ማኅበር ውስጥ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይይዝለታል፤ ረጅሙ ዜማ ሳይቆረጥ የሚሄደው ሰዎች ሳይነጋገሩ ተራ ስለሚገቡ ነው። አንዱ ቃል ቢስት ሌሎቹ ያቃኑታል፤ አንዱ ልቡ ተነክቶ ድምፁ ቢሰበር ጎኑ ያለው ተሸክሞት ያልፋል። በኮረስ ውስጥ ግን ስሕተቱም ይባዛል፤ ዘማሪው የሳተው ፊደል በግራም በቀኝም ያው ነው። ቅጂዎቹ ሁልጊዜ ከኋላ ናቸው፤ ይከተላሉ እንጂ አንዳቸውም ቀድመው ዜማውን አንስተው አያውቁም። የሚያወዛውዛቸውም ሞገድ ዙሩን ጨርሶ ያንኑ ዙር ይደግማል። ማንም ለማንም አይደርስም። በቱላ ኤላ ውስጥ ያለው ሰንሰለትና የፊሊፕሱ ቺፕ ንድፋቸው አንድ ሆኖ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በኤላው አራተኛ እርከን ላይ ያለው ወጣት ክንዱ ሲዝል አምስተኛው ጎንበስ ብሎ ይቀበለዋል፤ የቺፑ አራተኛ እርከን ግን ዝሎ አያውቅም፤ አምስተኛውም ጎንበስ ብሎ አያውቅም።

በእስልምናው በኩል ተመሳሳይ ክርክር በሌላ አቅጣጫ ቀርቧል። የሙዚቃ መሣሪያ የማይፈቅዱ የነሺዳ አዘጋጆች በሰው ድምፅ ብቻ ይሠራሉ፤ ያንን ድምፅ ግን በኢፌክት እየቀየሩ ከበሮ ወይም ኪቦርድ የሚመስል ነገር ያወጡበታል። ከዑለማዎች መካከል መነሻው የሰው ጉሮሮ ስለሆነ ይፈቀዳል የሚሉ አሉ፤ አድማጩ የሚሰማው መሣሪያ ከሆነ ፍርዱም የመሣሪያ ነው የሚሉም አሉ። አንዱ ወገን ምንጩን ያያል፣ ሌላው የሚሰማውን። በዚህ ክርክር መፍረድ የዑለማዎቹ ድርሻ ነው። ሁለቱም ወገኖች ግን አንድ ነገር ይዘዋል፤ ድምፁ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በአምልኮ ውስጥ ችላ ሊባል አይችልም። መንዙማን ያዳመጠ ሰውም የጀማዓው መቀበል ከመሪው ድምፅ ማማር የማይተናነስ ጉዳይ መሆኑን ያውቃል፤ ድቤው የሚመታው፣ እጅ የሚጨበጨበው፣ ዜማው እየጋለ የሚሄደው ተቀባይ ስላለ ነው።

የቦረና ሥርዓት ይህን ከሁሉም በላይ አጥርቶ ያሳያል። በቦረና ምርቃት ሽማግሌው ስለ ሰላም፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት ይናገራል፤ የተቀመጠው ሰው እየተቀበለ «ነጋ» ይላል፤ ሰላም ይሁን ማለቱ ነው። መራቂው ምርቃቱን ለራሱ አይቀበልም። ምርቃት እንዲደርስ ከሌላ ሰው አፍ ምላሽ መውጣት አለበት። የቅዳሴው ተሰጥኦ፣ ከኢማሙ ኋላ የሚሰማው አሚን፣ የወንጌላውያኑ «አሜን» ሁሉ የተሠሩት በዚህ መልክ ነው፤ አንዱ ይላል፣ ሌላው ይመልሳል። ጥሪውን ያወጣ ጉሮሮ ምላሹንም በኮረስ አብዝቶ ቢያወጣው የሚሰማው ምላሽ ይመስላል፤ የመለሰ ግን የለም።

ይህን የሚለው ጽሑፍ የድሃ ስቱዲዮን ችግር ረስቶ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ብዙ ከብት አለቀ፤ ብዙ ቤተሰብ ተሰደደ። መዘምራን የነበሩት ልጆች ሥራ ፍለጋ ተበትነው ሲቀሩ አንድ ዘማሪ ብቻውን በአንድ ክፍል ውስጥ የጥንት ጓደኞቹን ድምፅ በማሽን ለመተካት ቢሞክር የሚያሳዝን እንጂ የሚወቀስ አይደለም። በዚያም ላይ ስድስት ሰው ማስቀዳት ትራንስፖርት ነው፣ ምሳ ነው፣ መብራት ሳይጠፋ መጨረስ ነው። እንደዚህ ባለ ጊዜ አንድ ድምፅ እንደ አንድ ድምፅ ቢቀርብ፣ ሰው የጎደለበት መሆኑ ቢሰማበት፣ ከተባዛው ይልቅ ልብ ይነካል። ብቸኝነትም ለፈጣሪ የሚቀርብ ነው። የበገና ወግ የቆመው በዚያ ላይ ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ መሣሪያ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ኮረስም ሆነ ፍላንጀር በክራር፣ በጊታር፣ በኪቦርድ ላይ ሲጫን የእንዝራ ዘመድ ነው፤ ነጻ ነው። በመሪ ዘማሪው ድምፅ ላይ በመጠኑ ሲጨመር ጌጥ ነው፤ ጌጡ ቃሉን እስካልሸፈነ ድረስ ነውር የለበትም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 14 ላይ የተጨነቀበት ጉዳይ ይኸው ነበር፤ ድምፁ ካልተለየ የሰማው ሰው ምን እንደተባለ አያውቅም። የተቀባዮቹ ቦታ ግን የሰው ቦታ ነው። እዚያ ላይ የሚጫን ኮረስ የሰዎቹን ድምፅ ሊያወፍር ይችላል፤ ሰዎቹን ሊተካ አይገባም።

በነገሌም፣ በያቤሎም፣ በአሬሮም መዝሙር፣ መንዙማና ነሺዳ የምትቀዱ ባለሙያዎች፣ አዝማቹን ለማባዛት ፕላጊኑን ከመክፈታችሁ በፊት ከሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ ከመድረሳው ወይም ከኳየሩ አራት አምስት ሰው ጥሩ። ለእያንዳንዱ የተለየ ማይክ አያስፈልግም፤ አንዱን መካከል አቁማችሁ ዙሪያውን አሰልፏቸው፣ የሚጮኸውን አንድ እርምጃ ወደኋላ አድርጉት፣ ሁለት ጊዜ አስቀዷቸው። ከዚያ በኋላ ኮረሱን በስሱ ብትጨምሩበት የሚያግዘው በእውነት የነበሩትን ሰዎች ነው። በአልበሙ ሽፋን ወይም በዩቲዩቡ ማብራሪያ ላይ የተቀበሉትን በሙሉ በስማቸው ጻፉ፤ የዘመረው አንድ ሰው ብቻ ከሆነም የዘመረው አንድ ሰው መሆኑን ጻፉ።